አዲስ የገባ ከላይ

የሥራ ባልደረቦቿ «ተራ አስከባሪ» ይሏታል። ፊት ለፊት አይሏትም፤ ዞር ስትል ነው። እሷም ታውቃለች፣ ግን ስሙን አልጠላችውም፤ እንዲያውም ልብ ብሎ ላያት ሰው ትንሽ ኮራ ትልበታለች። ዳቦ ቤት ይሁን ባንክ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ይሁን የሐኪም ደጅ፣ ከኋላ መጥቶ ከፊት የሚሰነቀር ሰው ካየች ደሟ ይፈላል። መጀመሪያ በትሕትና «ወንድሜ፣ ሰልፉ ከዚያ ነው የሚጀምረው» ትላለች። ሰውየው እንዳልሰማ ከሆነ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ሦስተኛ ጊዜ ከተናገረች ግን ሰልፈኛው በሙሉ አብሯት ይጮኻል፣ ሰውየውም አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንዴ አንድ ሱፍ ለባሽ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ ነው» ቢላት «እኛስ ልናዜም የተሰለፍን መስሎህ ነው?» ብላ ሰው አሳቀችበት። ባሏን የፈታችውም ሰልፍ ሲጥስ አይታው ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ውሸት ነው፤ እሱን የፈታችው በሌላ ነገር ነው፤ ግን ሰልፍም ይጥስ ነበር።

ይህ አመሏ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ያደገችው ስድስት ልጅ፣ አንድ መታጠቢያ ቤትና አንድ ፎጣ ባለበት ቤት ነው። ከታች ሦስተኛ ናት፤ እንደ ትልቅ አትከበር፣ እንደ ሕፃን አትባበል፣ መሀል ላይ ተረስታ የቀረች ልጅ። አባቷ አናጢ ነበር። ምስማር በጥርሱ ነክሶ፣ ከንፈሩን ሳያላቅቅ እያጉረመረመ፣ ጧት ጧት መታጠቢያው በር ላይ ልጆቹን በነቁበት ቅደም ተከተል ያቆማቸዋል። ቀድሞ የነቃ ቀድሞ ይታጠባል፤ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ወንድ ሴት የለም፣ አልቅሶ ማለፍ የለም። ከሁሉ ቀድማ መንቃት የለመደችው ያኔ ነው። ዛሬም ሰው ስለ ፍትሕ ሲያወራ ስትሰማ ትዝ የሚላት ያ በርና ያ ምስማር የነከሰ አፍ ነው።

አፉ ደግሞ በጎረምሳነቱ ስም የወጣለት አፍ ነበር። በጥርሱ ንጣት «በረዶ» ይሉት ነበር። እንግዲህ በረዶም ይሟሟል፤ አንድ በአንድ ወላልቆ የቀሩትንም ሐኪሙ ነቅሎ ጨረሳቸው። ልጁ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ጸጉሯ እስኪሸብት የሠራች ባለሙያ ናት። ታዲያ ምን አስጨነቃት፣ ቤቷ አይደለም እንዴ የሚል አይጠፋም። እስቲ እንደ አፍ ቀላል ቢሆን!

ወርክሾፑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። ክሊኒኮች የሰውየውን አፍ ልክ ወስደው ይልካሉ፤ ጄሶ ለዋሹ ልኩ ላይ ጄሶ አፍስሶ ድዱን የመሰለ ቅርጽ ያወጣል፤ እሷ በሰም ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ትደረድራለች፤ ከዚያ ሰሙ በጠንካራ ፕላስቲክ ይተካል፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ጄሶ ለዋሹ ከጧት እስከ ማታ ዱቄት ለብሶ ስለሚውል «ነጩ» ነው የሚባለው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፣ ምላሱ ግን ምላጭ ነው። ድሮ ልኮቹ በትንንሽ ትሪ ሆነው አንድ ረጅም መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ ነበር። አዲስ የመጣው በበሩ በኩል ይገባል፣ ነጩ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ካለው ጫፍ ያነሳል። አንዱ ሲነሳ የቀሩት ገፋ ገፋ ይደረጋሉ። ማንም ደንብ አላወጣም፣ ማንም አልተጣላም።

ከዚያ አፑ መጣ። አለቃው «ከእንግዲህ ወረቀት የለም፣ መደርደሪያም የለም፤ ሁሉ ነገር ስልካችሁ ላይ ነው» ብሎ ፕሮግራም ሠሪ የሆነውን የሚስቱን ወንድም ይዞ ገባ። ፕሮግራም ሠሪው መነጽሩን ሽቅብ እየገፋ አሳያቸው፤ ክሊኒኩ ትዕዛዙን ያስገባል፣ ትዕዛዙ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፣ ነጩ የላይኛውን ሲነካ ትሪው የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይነገረዋል። ሁሉም አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። ኋላ ላይ «ምነው እጄን በቆረጠው» ብላለች።

ነገሩ የገባት ውሎ አድሮ ነው። አዲስ የገባ ትዕዛዝ ዝርዝሩ አናት ላይ ጉብ ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ሌላ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ደረጃ። ቀኑን ሙሉ ትዕዛዝ ሲዘንብ የትናንቱ ከስልኩ ፊት ይወጣና ጣት ወርዶ ካልፈለገው በቀር አይታይም። ነጩ እጁ ጄሶ ስለሆነ ስልኩን የሚነካው በትንሿ ጣቱ ብቻ ነው፤ የላይኛውን ነክቶ ይሠራል፣ ታች ምን እንዳለ ጉዳዩ አይደለም። «ከፊት ከበቀለ ጆሮ ከኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ» አላት አንድ ቀን እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከድጡ ወደ ማጡ የሆነው ደግሞ ክሊኒኮቹ ሲነቁ ነው። አፑ የታረመ ትዕዛዝን እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። አንዲት የክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ በስሕተት የጻፈችውን ስታስተካክል፣ ትዕዛዟ ከታች ተመንጭቆ አናት ላይ ሲወጣ አየች። ወሬው በየክሊኒኩ ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ጧት ጧት የየራሱን ትዕዛዝ ይነካል። አንዱ ነጥብ ይጨምራል፣ ሌላው ነጥብ ያጠፋል። የሚነካለት የሌለው ዝም ብሎ ይሰምጣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ዝም ባለ አፍ ጥርስም አይገባበትም ነበር።

«ይሄ ነገር መገልበጥ አለበት» አለችው አለቃውን። «ቀድሞ የመጣ ከላይ ይሁን፣ አዲሱ ከታች።»

«አዲስ ነገር ከላይ መሆኑ እኮ የትም አፕ ላይ ያለ ነው» አለ አለቃው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «መልእክትሽን ስትከፍቺ የአምናውን ነው መጀመሪያ የምታዪው?»

«መልእክት ድድ አለው? መልእክት ሾርባ ሰልችቶት ያውቃል?»

«ተይ እንግዲህ። ደንበኛ እስካልጮኸ ድረስ ሥራው ሄዷል ማለት ነው።»

«የሚጮኸውማ ጥርስ ያለው ነው!»

ነጩ ከጥግ ሆኖ ሳቁ አመለጠው። አለቃው ግን አልሳቀም፣ የገለበጠውም ነገር የለም። እሷ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ሰም ስታቀልጥ ከንዴቷ ብዛት አንድ የሰው የፊት ጥርስ ሁለቴ ወደቀባት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአባቷ ትዕዛዝ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለምን እንደቸኮለች ለመረዳት ደግሞ የአጎቷን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አባቷና ታናሽ ወንድሙ የተጣሉት በአንድ ቁምሳጥን ነው። አባቷ ለእናቱ በገዛ እጁ የሠራው ቁምሳጥን ነበር፤ እናትየው ሲሞቱ ወንድምየው ጭኖ ወሰደው። «የሠራሁት እኔ» «ያስታመምኳት እኔ» ሲባባሉ ዓመት ዓመትን ወልዶ ሁለቱም ሸበቱ። ቁምሳጥኑን ምስጥ ከበላው ቆይቷል፤ ኩርፊያቸው ግን እንጨት አይደለምና ምስጥ አልደፈረውም። በቅርቡ ወንድምየው ራሱ ደወለ። ሽማግሌ አልላከ፣ ሰበብ አልፈለገ፤ «እስከ መቼ ነው?» አለ። አባቷ «እንጃ» አለ፣ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይደዋወላሉ። ወንድምየው ሩቅ ነው የሚኖረው። አሁን ለዓይኑ ሕክምና ሊመጣ ነው፤ የሚያርፈው የገዛ ልጁ ቤት ነው፤ ቅዳሜ ምሳ ወንድሙ ጋ፣ እሑድ ወደ ቤቱ።

ቀኑ ከተቆረጠ ወዲህ አባቷ ሌላ ሰው ሆነ። ክፍሉን ቀለም ቀባ፣ የሚንቀጠቀጠውን ጠረጴዛ እግሩን አጠበቀ፣ ለምሳ ምን ይሠራ የሚለውን ጧት ያሰበውን ማታ ይሽራል። አንድ ቀን ልጁን ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቃት።

«አንድ ነገር ብቻ» አላት፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ። ጥርሱ ከወለቀ ወዲህ ከእሷ ጋር እንኳ ሲያወራ አፉን ይሸፍናል። «በድዴ አልቀበለውም።»

«አባዬ፣ ወንድምህ እኮ ነው።»

«ለዚያ ነዋ! ‹በረዶ› ሲሉኝ እየሰማ ሲቀናብኝ ያደገ ልጅ ነው። ታናሼ ነው። እንደ ሕፃን በድዴ እያላመጥኩ ፊቱ አልቀመጥም። ጥርሱ ካልደረሰ ምሳው ይቀር።»

«ይደርሳል» አለችው። «እኔ ነኝ የምልህ። እሱ ሳይመጣ አፍህ ውስጥ ይገባል።»

አባቷ ቃል ሲሰጡት አይጠራጠርም። መዳፉን ከአፉ ላይ አንስቶ ራሷን ዳሰስ አደረጋትና ሸሚዞቹን ሊፈትሽ ገባ።

ነጩ ይህን ሲሰማ «የትኛው ሳጥን ነው? አሁኑኑ ላፍስልሽ» አላት። እዚያ ቤት እንዲህ ማድረግ ብርቅ አልነበረም፤ ሁሉም ለዘመዱ አንድ ሁለቴ አድርጎታል፣ አለቃውም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «በተራው» አለች። ተራ አስከባሪ ተብላ የአባቷን ትሪ ከሰው ፊት ብትጎትት ከዚያ በኋላ በየትኛው አፏ ትናገራለች?

በአደባባይ አልጎተተችውም። በስርቆሽ በር ግን፣ መቼም ሰው ናት፣ አንድ ጧት አውቶቡስ ላይ ስልኳን ከፈተች። የአባቷን ትዕዛዝ እስክታገኝ ጣቷ ዛለ። ወደ ታች ስትወርድ አዲስ ትዕዛዝ በገባ ቁጥር ዝርዝሩ ፈንጠር ብሎ ወደ አናቱ ይመልሳታል፤ እንደገና ትወርዳለች፣ እንደገና ይመልሳታል። ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» እስክትላት ድረስ ታጉረመርም ነበር። ጥርሷን ነክሳ ወረደችና አገኘችው። ማስታወሻው ቦታ ላይ አንድ ነጥብ ጨምራ አስቀመጠች። ትዕዛዙ ካለበት ጠፍቶ አናት ላይ ብቅ አለ። ደስም አላት፣ አፈረችም። ‹ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት› አለች ለራሷ። ሌላ ጊዜ እንዳትቸገር ደግሞ የኮከብ ምልክት አኖረችበት፤ ኮከቧን ስትነካ ዝርዝሩን ሳታይ ትዕዛዙ በቀጥታ ይከፈትላታል።

ወርክሾፕ እስክትደርስ ሌሎቹም የየራሳቸውን ነክተው አባቷ ከስልኩ ፊት ወርዶ ነበር። በማግስቱም ነካች። በሠልስቱም። ልማድ ሆነባት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ታደርግና፣ ኮከቧን ነክታ፣ ነጥብ ጨምራ ወይ ነጥብ አጥፍታ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ቀን ላይ ደግሞ ስለ ተራ አለቃውን ትነዘንዛለች።

ለውጡን ያመጡት አንዲት ባልቴት ናቸው። ሦስቱን ፎቅ በምርኩዝ ወጥተው አለቃውን ጠረጴዛው ላይ ያዙት። «ከእኔ በኋላ የተነቀለች ጎረቤቴ ሥጋ ትቆረጥማለች፣ እኔ ዛሬም ሾርባ ላይ ነኝ! እሷ ምኗ ነው ከእኔ የበለጠው?» ብለው ምርኩዙን ወለሉ ላይ ሲመቱት የሚወለውለው ማሽን ቆመ። አለቃው ዞሮ ተራ አስከባሪዋን አያት። በዚያው ቀን ፕሮግራም ሠሪው ተጠራ፤ እሷም አጠገቡ ቆማ አዘዘችው።

«ቀድሞ የገባ ከላይ። አዲስ የሆነ ነገር ሁሉ ከታች። አለቀ።»

«ሁሉም?» አለ መነጽሩን ገፋ አድርጎ።

«ሁሉም! አማርኛ ነው የተናገርኩት።»

«እሺ፣ ቀላል ነው። አቅጣጫውን መገልበጥ ነው።»

«ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«እስክታዙኝ» አለ፣ ገለበጠውም።

በማግስቱ ዝርዝሩ አናት ላይ የባልቴቷ ትዕዛዝ ተቀምጦ ነበር። ነጩ ጄሶ የሆነ እጁን ወደ ላይ አንስቶ «ድል ለተራ አስከባሪ!» አለ፤ ያን ስም ፊት ለፊት የሰማችው ያን ቀን ነው። ሰዉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ቤቷ ገብታ አባቷን «ነገሩ ተስተካክሏል፤ አንተም ከቀዳሚዎቹ ነህ፣ ሰሞኑን ይደርስሃል» አለችው። እሱም አንድ ሸሚዝ መርጦ ተኩሶ ሰቀለ።

ግን አንድ ነገር አልተወችም። ጧት አውቶቡስ ላይ አሁንም ኮከቧን ትነካለች። ለማንኛውም ብላ ነው። ደግሞ አፑን አታምነውም፤ አንዴ የበደላት ነገር ሁለተኛ አይታመንም። ነክታ ታስቀምጥና ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

ቀናቱ ሄዱ። ነጩ የሚያመጣላትን ትሪ ሁሉ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፈው ስሙን ታነባለች። የባልቴቷ መጣ፣ ሠራችው። የአንድ ሾፌር መጣ፣ የአንዲት አስተማሪ መጣ፣ ከአባቷ በኋላ እንደገቡ በእርግጥ የምታውቃቸው ሰዎች መጡ። የአባቷ የለም። ሰም ላይ የምትደረድረው ጥርስ ሁሉ የሌላ ሰው ጥርስ ሆኖ ዓይኗን ያቃጥላት ጀመር። ሰበብ ፈልጋ ያለቀውን ጥርስ ከሚወለውለው ወልዋይ ጋር ተጣላች። ነጩን «ከላይ ያለውን ነው የምትነካው ወይስ ደስ ያለህን?» አለችው፤ እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ «እህቴ፣ ምን አድርጌሻለሁ?» አላት። ቤት ስትገባ አባቷ ቦርሳዋን ብቻ ያያል፣ የሆነ ነገር ይዛ መጥታ እንደሆነ። ያ አስተያየቱ ከጥያቄ ይብስ ነበር።

አጎቷ ከተማ ገብቶ ምሳው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጧት፣ አልቻለችም። ፕሮግራም ሠሪው ለሌላ ጉዳይ መጥቶ አለቃው ክፍል ተቀምጦ ነበር፤ ክንዱን ይዛ ወደ ወርክሾፑ አወጣችው።

«ያንተ አፕ የሰው ትዕዛዝ ይበላል» አለችው ሰው ሁሉ እየሰማ። «የአባቴን በልቶታል። አውጣው!»

ሰውየው ስልኩን አወጣ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። «ይኸው አለ» አለ በመጨረሻ። «መጨረሻ ላይ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ? ከባልቴቷ ቀጥሎ የገባ ነው እኮ!»

«መግባቱንስ አዎ። ግን በየጧቱ የሚያርመው ሰው አለ። የታረመ እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፤ አዲስ የሆነ ሁሉ ደግሞ ከታች ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ።» መነጽሩን ገፋ። «ክሊኒኮቹ ሲነኩ ወደ ታች እንደሚሄድ ስለገባቸው መንካት ትተዋል። አሁን የሚነካው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ዛሬም ተነክቷል።»

«ማን ነው?» አለ ነጩ፣ ከልቡ ተቆጥቶ። «በሽማግሌ ላይ እንዲህ የሚቀልድ ማን ነው? ንገረን!»

ፕሮግራም ሠሪው የአራሚውን ስም ነካ። አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት፣ ሌሎቹም የእሱን ዓይን ተከትለው አዩዋት።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁባት በወደደች ነበር። ሰው ሲቀጣ ባየች ቁጥር «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን ቁናው እጇ ላይ ቀርቶ የምትገባበት ጠፋት።

ነጩ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ልኩ አለ፣ ጄሶው አለ» አላት በለሆሳስ። «አሁን ባፈስ ከሰዓት ይደርቃል። ነገ ትደረድሪዋለሽ፣ ማታውን ወደ ፕላስቲክ እናስገባዋለን። ቅዳሜ ጧት አፉ ውስጥ ነው።»

አለቃው ከበሩ ላይ ሆኖ እሺ በሚል አኳኋን ትከሻውን ሰበቀ። ወልዋዩም፣ ያ የተጣላችው፣ «እኔ አመሻለሁ» አለ። አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የቀራት። ሌላ ሰው ቢሆን ለአባቱ ሲል አንዴ አንገቱን ይደፋ ነበር። እሷ ግን እነዚያ ያሳፈረቻቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከሰልፍ ያስወጣቻቸው ሁሉ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆመው የሚያዩዋት መሰላት።

«በተራው ይምጣ» አለች።

«ሞኝ አትሁኚ እህቴ።»

«በተራው አልኩህ! አትሰማም?»

ለፍትሕ ብላ እንዳልሆነ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ታውቀዋለች። እልኽ ነው። ነጩ እጁን አራግፎ ወደ ባልዲው ተመለሰ።

ማታ አባቷን ቀለም በተቀባው ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ነገረችው። አፑን ነገረችው፣ ነጥቧን ሳትደብቅ ነገረችው። ነጩ ላፍስልሽ ማለቱን ግን አልነገረችውም።

«ስንት ሰው አለ ከፊቴ?» አላት።

«ብዙ።»

«እነሱም በድዳቸው ናቸው?»

«እነሱም።»

መዳፉን ወደ አፉ መለሰ። «እንግዲያው ደውይለት። አሞታል በይው።»

«አባዬ፣ እባክህ፣ ዝም ብለህ ብትቀበለው…»

«ነግሬሻለሁ እኮ።»

ደወለች። አጎቷ ከዓይን ሐኪሙ መመለሱ ነበር።

«ታመመ? ምን ሆነ? እንግዲያው አሁኑኑ ልምጣ እንጂ!»

«አይ ጋሼ፣ አይምጡ…»

አባቷ ከጎኗ ሆኖ በሹክሹክታ «የሚጋባ ነው በይው» አላት።

«የሚጋባ ነው ጋሼ። ጉንፋን ነው፣ ግን ኃይለኛ ነው። ለእርስዎም ጥሩ አይደለም።»

«እሺ» አለ አጎቷ። «እንዲህ ካላችሁ እሺ። እግዜር ይማርህ ብሎሃል በይው።» እሑድም በመጣበት አውቶቡስ ተመልሶ ሄደ። ቅዳሜ ምሳ አባትና ልጅ ለሦስት ሰው የተሠራውን ለሁለት በሉ፤ የእሱን በማንኪያ አድቅቃ ሰጠችው።

ኮከቧን ሰረዘቻት። የሚነካው ሲጠፋ ትዕዛዙ እንደ ሰው በወጉ ወደ ላይ እየወጣ፣ እየወጣ፣ አንድ ቀን ነጩ ትሪውን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። የአባቷን ድድ በጄሶ ሆኖ እጇ ላይ ስታየው እንዴት አነሰ አለች። ቀኑን ሙሉ ሠራችው። ምስማር ይነክስበት የነበረውን የፊት ጥርስ፣ ድሮ እንደነበረው፣ ከጎረቤቱ ትንሽ አጠር አድርጋ አስቀመጠችው። እንዲህ ተጠንቅቃ የሠራችው ጥርስ የለም።

አባቷ አስገብቶት መስታወት ፊት ቆመ። መዳፉ ከልማዱ ወደ አፉ ሄደና መንገድ ላይ ቀረ። ዞሮ ፈገግ ሲልላት እንባዋ መጣ።

«ደውይልኝ» አላት። ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋ ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ አጎቷ።

«እኔ ነኛ!» አለ አባቷ። አዲስ ጥርስ ምላስን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል፤ ቃሉ ወፍሮና ታጭቆ ወጣ።

«ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም።»

«ወንድምህ ነኝ እንጂ!»

«የእኔ ወንድም ድምፅ እንዲህ አይደለም። ተሳስተው ነው ጌታዬ» ብሎ ሊዘጋ ሆነ።

አባቷ ተናደደ። ጥርሶቹን ከላይም ከታችም አውልቆ መዳፉ ላይ አደረገና በድዱ «አንተ! ቆይ፣ አትዝጋ!» ብሎ ጮኸ።

«እንዴ! አሁንማ አንተ ነህ!» አለ አጎቷ እየሳቀ። «ቅድም ምን አፍህ ውስጥ ከተህ ነው?»

«ጥርስ አስገብቼ ነው።»

«ጥርስ? ድድህ ብቻ እንደቀረ እኮ ገና መጀመሪያ የደወልኩ ቀን ነው ያወቅኩት፤ ስትናገር ነፋስ ያመልጥሃል። ወንድሜ ሳላየው አረጀ ብዬ አዝኜ ነበር።» ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ቆይ። ለዚህ ነው እንዴ?»

«ጉንፋን ነበረብኝ» አለ አባቷ።

«እህ» አለ አጎቷ። «ሐኪሙ እኮ ዓይንህ አይድንም፣ እየጠፋ ነው የሚሄደው ብሎኛል። በቀረችኝ ብርሃን መልክህን ላይ ነበር የፈለግኩት። በል ይሁን፣ ድምፅህን እሰማለሁ። ብቻ ስትደውል ያን ነገር አውልቀው።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቷ መዳፉ ላይ ያሉትን ጥርሶች በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መልሶ አስገባቸው። ነከሰ፣ ፈታ፣ እንደገና ነከሰ። እሷ በሩን ተደግፋ እስኪጮኽባት ጠበቀች፤ ቢጮኽባት ያን የደበቀችውን፣ የነጩን «ላፍስልሽ»፣ ልትነግረው ነበር።

«ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው» አላት። «አንድም ቦታ አይቆረቁረኝም።»